የሜርክልን ፓርቲ ከድምፅ መስጫው ወረቀት ላይ አጣሁት፦ ባቫሪያ በርሊን ላይ የምትከብደው በምንድን ነው?

ኢዛር ዳር (ሙኒክ)

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ከ2021 ጀምሮ ሲከነክነኝ የኖረ ነገር ነው፤ ዛሬ ልጻፈው። (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጠራው፤ በኋላ ሙግት እንዳይሆን።)

ዜግነት ካገኘሁ በኋላ የመጀመሪያዬ ምርጫ ነበር። ጣቢያው የልጄ ትምህርት ቤት፣ ክፍሉም የአንደኛ ክፍል ሕፃናት የሚማሩበት። ለሰባት ዓመት ልጅ በተሠራች ወንበር ላይ፣ ጉልበቴ ከደረቴ ሊገጥም ደርሶ፣ ተቀምጬ ወረቀቱን ስዘረጋው ከጠረጴዛው ተርፎ ተንጠለጠለ። አንጌላ ሜርክል ራሳቸው እንደማይወዳደሩ አውቃለሁ፤ ፓርቲያቸው ሴዴኡ የት ላይ እንደተጻፈ ግን ለማየት ጓጓሁ። ከላይ ወደ ታች ወረድሁ፣ ከታች ወደ ላይ ተመለስሁ። የእንስሳት ጥበቃ ፓርቲ አለ። ባቫሪያ ራሷን ትቻል የሚል ፓርቲ እንኳ አለ። ሴዴኡ የለም። የተሳሳተ ወረቀት ሰጥተውኝ ይሆን ብዬ የምርጫ አስፈጻሚዋን ልጠይቅ ቃሉ ከአፌ ደርሶ ተመለሰ፤ ጀርመናዊ በሆንሁ በዓመቴ መሳቂያ መሆን አልፈለግሁም።

ማታ ጎረቤቴን ጠየቅሁ፤ ጡረታ የወጡ የባቡር ነጂ ናቸው። ከት ብለው ሳቁ። ለካ ሴዴኡ ባቫሪያ ውስጥ አይወዳደርም! ባቫሪያ የራሷ ፓርቲ አላት፤ ሴኤስኡ ይሉታል፣ ክርስቲያን ሶሻል ኅብረት። እሱም በተራው ከባቫሪያ ድንበር ወጥቶ ለአንዲት ወንበር አይወዳደርም። በርሊን ሲደርሱ ሁለቱ በአንድ የፓርላማ ቡድን ይቀመጣሉ፤ ለመራሔ መንግሥትነትም አንድ ዕጩ ያቀርባሉ። ወደየቤታቸው ሲመለሱ ግን ሁለት ፓርቲ ናቸው፤ ሊቀ መንበሩም ጉባኤውም ካዝናውም ለየብቻ።

ከዚያ ወዲህ ዜና ስሰማ ጆሮዬ ሌላ ሆነ። "የሦስት ፓርቲዎች ጥምር መንግሥት" ሲባል ከሦስቱ አንዱ ከ16 ግዛቶች በአንዷ ብቻ የሚኖር ነው። ባቫሪያ 13 ሚሊዮን ገደማ ሕዝብ አላት፤ ኖርድራይን ቬስትፋለን 18 ሚሊዮን ይዛ እንዲህ ያለ ወንበር የላትም። ከ2009 እስከ 2021 የትራንስፖርት ሚኒስቴር ከሴኤስኡ እጅ አልወጣም። አሁን ደግሞ የአገር ውስጥ ሚኒስቴር፣ ምርምርና ግብርና የእነሱ ናቸው።

የእኔ ግምት ይህ ነው፦ የባቫሪያ ጉልበት ከሕዝብ ብዛትም ከገንዘብም አይመጣም። በርሊን ላይ መንግሥት፣ በዋና ከተማዋ ሙኒክ ላይ ተቃዋሚ ሆኖ መኖር ከመቻሏ ነው የሚመጣው። በሁለት ቢላዋ መብላት ማለት ነው። የምታውቁ አርሙኝ።


የፒያሳ ልጅ (አዲስ አበባ)

ወንድሜ፣ እኔ እስከ ዛሬ ባየርን ማለት የኳስ ክለብ ብቻ ይመስለኝ ነበር፤ ስለ ሙኒክ የማውቀው ሁሉ ከኳስ ነው። ለካ አገሩ ነው ባየርን!

አንድ ጥያቄ ግን አለኝ። ፌዴራል አገር ከሆነ የግዛቶች ምክር ቤት ይኖራል። ትልቅ ግዛት እዚያ ብዙ ድምፅ አለው፤ በዚያም ይጫናል። ነገሩ ይኸው አይደለም? ፓርቲው ምን ጨመረ?


አንቀጽ በአንቀጽ (ካስል)

የፒያሳ ልጅ፣ ብዙ ሰው እንደዚያ ነው የሚያስበው፤ ቁጥሩ ግን ያንን አያሳይም።

ምክር ቤቱ ቡንደስራት ይባላል። ጠቅላላ ድምፁ 69 ነው። ከ7 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ያለው ግዛት 6 ድምፅ ያገኛል፤ ከዚያ በላይ የለም። ስለዚህ ባቫሪያ 6፣ ኖርድራይን ቬስትፋለን 6፣ ባደን ቩርተምበርግ 6፣ ኒደርዛክሰን 6። ብሬመን 700 ሺህ ገደማ በሆነ ሕዝብ 3 አላት። አያችሁ? በነፍስ ወከፍ ካሰላነው ባቫሪያ ከሚጎዱት ወገን ናት።

ደግሞ እዚያ የሚቀመጡት የተመረጡ እንደራሴዎች አይደሉም፤ የግዛቱ መንግሥት ራሱ ነው፣ ሚኒስትሮቹ። ስድስቱም ድምፅ በአንድ ላይ መውጣት አለበት። የግዛቱ ጥምር መንግሥት እርስ በርሱ ካልተስማማ ድምፀ ተአቅቦ ያደርጋል፤ የምክር ቤቱን ይሁንታ የሚሻ ሕግ የሚያልፈው ከጠቅላላው 69 ቢያንስ በ35 ስለሆነ ተአቅቦ ተቃውሞ እንደማለት ነው።

የቅርብ ምሳሌ ልስጣችሁ። በመጋቢት 2025 የብድር ገደቡን ለማላላት ሕገ መንግሥቱ ሲሻሻል ሁለት ሦስተኛ፣ ማለትም 46 ድምፅ ያስፈልግ ነበር። ሙኒክ ላይ ከሴኤስኡ ጋር የተጣመሩት "ነፃ መራጮች" የሚባሉት መጀመሪያ አይሆንም አሉ። ጥምረቱ ይፈርሳል ተብሎ ቀናት ሙሉ ወሬው እሱ ብቻ ሆነ፤ በመጨረሻ ለዘብ አሉና ባቫሪያ "አዎን" አለች። ውጤቱ ሲቆጠር ግን 53። የባቫሪያን 6 ብትቀንሱት 47 ይቀራል፤ ያልፍ ነበር! ያን ሁሉ ግርግር የሰማ ሰው ባቫሪያ ብቻዋን አገሪቱን የያዘች ይመስለው ነበር።

ስለዚህ በቡንደስራቱ በኩል ኢዛር ዳር ልክ ነው። ጉልበቱ እዚያ አይደለም።


ሽፕሬ ማዶ (በርሊን)

እኔ በዚህ አልስማማም። ጉልበቱ ገንዘብ ነው፤ ነገሩን አናወሳስበው።

ሀብታም ግዛቶች ለደኸዩት የሚያካፍሉበት የማመጣጠኛ ሥርዓት አለ። በ2023 ባቫሪያ ብቻዋን ከ9 ቢሊዮን ዩሮ በላይ አበርክታለች፤ ከጠቅላላው ግማሹ ገደማ ማለት ነው። ትልቋ ተቀባይ ደግሞ የእኔዋ በርሊን ናት። የባቫሪያ ፖለቲከኛ ቢራ አዳራሽ ውስጥ ንግግር ሲያደርግ ጭብጨባ ሲያጥረው "በርሊን በእኛ ገንዘብ..." ይላል፤ አዳራሹ ይናጋል። በሥራ ባልደረቦቼ መካከል አንድ የባቫሪያ ሰው አለ። ቡና ስጋብዘው "ይኼ የራሴ ገንዘብ አይደል እንዴ" ይለኛል፤ ስድስት ዓመት ሙሉ ያው ቀልድ።

የሚያናድደኝ ሌላ ነው። ይህ የማካፈያ ሥርዓት ከ2020 ጀምሮ የሚሠራው 16ቱም ግዛቶች ተስማምተው ነው። ባቫሪያም ፈርማለች። ያን ጊዜ የግዛቷ የገንዘብ ሚኒስትር ማን ነበሩ? የዛሬው ርዕሰ መስተዳድር ማርኩስ ዞደር። በ2023 ደግሞ ራሳቸው ሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት ሄደው ከሰሱ። ፈርሞ መክሰስ!

እነሱም እኮ ተቀባይ ነበሩ። ከ1950 ጀምሮ ከሠላሳ ዓመት በላይ ሲቀበሉ ነው የኖሩት፤ የገበሬ አገር ነበረች። ተደምሮ 3.4 ቢሊዮን ዩሮ ያህል ወስደዋል።


ኢዛር ዳር (ሙኒክ)

ሽፕሬ ማዶ፣ ገንዘቡን አልካድሁም። ነገር ግን አንተው ያልኸውን ተመልከተው፦ ባቫሪያ ተቀባይ በነበረችበት ዘመን ሴኤስኡ በርሊን ላይ (ያኔ ዋና ከተማ በነበረችው ቦን ላይ) ደካማ ነበር? አልነበረም። ገንዘብ ቢሆን ኖሮ ሄሰንም ባደን ቩርተምበርግም ሰጪዎች ናቸው፤ ድምፃቸው እንዲህ ሲያስተጋባ ሰምተህ ታውቃለህ? ርዕሰ መስተዳድሮቻቸውንስ በስም ትጠራቸዋለህ?

ስሌቱ ይኸውልህ። በየካቲት 2025 ምርጫ ሴዴኡ 164፣ ሴኤስኡ 44፣ ሶሻል ዴሞክራቱ 120 ወንበር አገኙ። ድምሩ 328፤ ለአብላጫ የሚያስፈልገው 316። አርባ አራቱን አውጣና ቁጠር። የሴዴኡው መሪ ሜርስ መራሔ መንግሥት አይሆኑም ነበር።


የድሮ ተማሪ (ፍራንክፈርት)

ልጆቼ፣ ጨዋታችሁን ከዳር ሆኜ ሳነብ ቆየሁ። እኔ እዚህ አገር የመጣሁት በ1978 ነው፤ የብዙዎቻችሁ ዕድሜ ነው። አንድ ሁለት ነገር ላክል።

ኢዛር ዳር ሁለት ቢላዋ አለ፤ መልካም ብለሃል። ሁለተኛው ቢላዋ ግን ራሱን ባለቤቱን ሊቆርጠው እንደሚችል የታየበት ጊዜ ነበር። በ1976 ምርጫ ሁለቱ ፓርቲዎች በአንድ ላይ 48.6 በመቶ አምጥተው ሥልጣን ሳይዙ ቀሩ። የባቫሪያው ፍራንትስ ዮሴፍ ሽትራውስ በሴዴኡው መሪ በሄልሙት ኮል ተናደዱ። በኅዳር ወር የሴኤስኡ እንደራሴዎች ቪልድባድ ክሮይት በምትባል ተራራ ሥር ያለች ስፍራ ተሰብስበው፣ በ30 ለ18 ድምፅ፣ ከሴዴኡ ጋር ያለው የፓርላማ ቡድን ይፍረስ ብለው ወሰኑ። በመላው ጀርመን እንወዳደራለን የሚል ዛቻ ነበር ከኋላው።

ኮል ምን አደረጉ? አልጮኹም። መልካም፣ እንግዲያው እኛም ሙኒክ ላይ ቢሮ እንከፍታለን አሉ። በቃ። ይህን ጊዜ የደነገጠው የባቫሪያው አባል ራሱ ነው፤ የየወረዳው ሹም፣ የየመንደሩ ከንቲባ። ቤታቸው ውስጥ ተቀናቃኝ ሊመጣባቸው! አንድ ወር እንኳ ሳይሞላ፣ ታኅሣሥ ላይ፣ ውሳኔው ተሻረ። እኔ ስመጣ ወሬው ገና ትኩስ ነበር፤ ቋንቋ ያስተማሩን ሴት "ክሮይት" የሚለውን ቃል ለዛቻ ምሳሌ አድርገው ይጠቀሙበት ነበር።

ስለዚህ የባቫሪያ ኃይል የውል ኃይል ነው። አንተ በደጄ አትምጣ፣ እኔም በደጅህ አልመጣም። አንዱ ከጣሰ ሁለቱም ይራቆታሉ፤ ዛቻው የሚሠራው እስካልተፈጸመ ድረስ ነው።

ሁለተኛው ነገር፣ ጣሪያ አለው። በ1980 ሽትራውስ ዕጩ መራሔ መንግሥት ሆኑ። እኛ ተማሪዎች ባንመርጥም ትዝ ይለኛል፤ ግማሹ ዩኒቨርሲቲ "ሽትራውስን አቁሙ" የምትል ክብ ባጅ ደረቱ ላይ ለጥፎ ይሄድ ነበር። 44.5 በመቶ አመጡ፤ መራሔ መንግሥቱ ሄልሙት ሽሚት ቀጠሉ። በ2002 ደግሞ ኤድሙንድ ሽቶይበር። ያቺን ሌሊት ከሬስቶራንታችን ቴሌቪዥን ፊት አልተነሣንም። ሰውየው አመሻሽ ላይ አሸነፍን ብለው ነበር። ሁለቱም ወገን 38.5 በመቶ ሆኖ በመላው አገር የለያቸው ልዩነት 6 ሺህ ድምፅ ገደማ ነው። ሽሮደር ቀጠሉ። በ2021 ዞደር ፈለጉ፤ የሴዴኡ አመራር ላሼትን መረጠ። ከባቫሪያው ፓርቲ አንድም ሰው መራሔ መንግሥት ሆኖ አያውቅም። ሚዜ እንጂ ሙሽራ አልሆኑም።


የፒያሳ ልጅ (አዲስ አበባ)

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። "ሚዜ እንጂ ሙሽራ" የምትለዋን ወስጃታለሁ።


አስተርጓሚዋ (ኑረምበርግ)

ጋሼ ያሉትን አንብቤ ነው ልጽፍ የተነሣሁት። እኔ ፖለቲካ የማየው ከታች ነው። በመስከረም 2015 ሙኒክ ዋና ባቡር ጣቢያ ለትግርኛና ለአማርኛ ተናጋሪዎች ሳስተረጉም ሰነበትሁ። ሕዝቡ ውኃና የሕፃናት አሻንጉሊት ይዞ ያጨበጭባል፤ በዚያው ሳምንት ርዕሰ መስተዳድሩ ሆርስት ዜሆፈር ስደተኞቹ ይግቡ የሚለውን የሜርክልን ውሳኔ ስሕተት ነው አሉ። እኔ በሁለቱ መካከል ቆሜ "ይህ አገር ይፈልገናል ወይስ አይፈልገንም?" ለሚለኝ ልጅ ምን ብዬ እንደምመልስ ግራ ገባኝ። ሁለቱም ባቫሪያ ነበሩ፤ አጨብጫቢውም፣ ተቃዋሚውም።

ዜሆፈር በዓመት ከ200 ሺህ ስደተኛ በላይ አይግባ አሉ። ሜርክል ጣሪያ የሚባል የለም አሉ። በ2018 ጥምር መንግሥቱ ሲዋዋል ሰነዱ ላይ "ከ180 ሺህ እስከ 220 ሺህ" የሚል ገባ። ጣሪያ አይባልም፤ ጣሪያ ግን ነው። ይህን ነው እኔ የባቫሪያ ተጽዕኖ የምለው፦ ቃሉን ትተው ፍሬውን ይወስዳሉ።

ግን ዋጋ አለው። ዜሆፈር በርሊን ሄደው የአገር ውስጥ ሚኒስትር ሆኑ፤ በ2018 ሰኔና ሐምሌ ከሜርክል ጋር በድንበር ጉዳይ ተጋጭተው መንግሥቱ ሊፈርስ ነበር። ጥቅምት ላይ እዚሁ ባቫሪያ ምርጫ ሆነ፤ ሴኤስኡ 37.2 በመቶ። ብቻውን የሚገዛበትን አብላጫ አጣ። በጣም የገፋ ሰው ከቤቱ ይጎድልበታል።

ደግሞ "ባቫሪያ" ስትሉ ሙኒክን ብቻ አታስቡ። እኛ ፍራንከን (የባቫሪያ ሰሜኑ ክፍል) ነን፤ እዚህ ኑረምበርግ ሰው ሙኒክ ሁሉን ትወስዳለች ብሎ ያማርራል፤ ልክ ሙኒክ በርሊንን እንደምታማርረው። (ዞደር የእኛ ከተማ ልጅ ናቸው፤ እሱም አላበረደውም።)

አንዲት ነገር ልጨምር። ሕፃን ልጁን መዋያ የማያስገባ ወላጅ በወር 150 ዩሮ ያግኝ የሚለው የሴኤስኡ ጥያቄ ነበር፤ የፌዴራል ሕግ ሆነ፤ በ2015 ሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት ይህ የፌዴራሉ ሥልጣን አይደለም ብሎ ሻረው። ባቫሪያ ምን አደረገች? በራሷ ካዝና ቀጠለችበት። ለሁለተኛዋ ልጄ ተቀብያለሁ። በርሊን ያለች እኅቴ ልጅ የወለደችው በዚያው ዓመት ነው፤ አምስት ሳንቲም አላገኘችም። ሽፕሬ ማዶም ገንዘብ ያለው ለዚህ ከሆነ እስማማለሁ፤ በርሊን የነፈገቻቸውን በቤታቸው ይሠሩታል።


የነፋስ ወፍጮ (ኪል)

እኔ የኤሌክትሪክ መስመር ላይ ነው የምሠራው፤ በእኛ በኩል ያለውን ስሙ። የባቫሪያ ትልቁ ጉልበት "አይሆንም" ማለት ነው።

ነፋሱ ያለው እኛ ዘንድ ሰሜን ነው፤ ፋብሪካው ያለው እነሱ ዘንድ ደቡብ። ዙድሊንክ የሚባል 700 ኪሎ ሜትር ገደማ መስመር ሊዘረጋ ታሰበ፤ በ2022 ያልቃል ተባለ። የባቫሪያ መንደሮች ትልልቅ ምሰሶ በደጃችን አይቆምም አሉ፤ ዜሆፈርም ቃላቸውን ይዘው በርሊን ገቡ። በ2015 መጨረሻ መስመሩ በመሬት ውስጥ ይቀበር ተብሎ ሕጉ ተለወጠ። ይህ ማለት ዕቅዱ ሁሉ እንደገና፣ የአፈር ምርመራው እንደገና፣ ከየገበሬው ጋር ያለው ድርድር እንደገና። አሁን የሚባለው 2028 ነው። ወጪው በቢሊዮኖች ተጨመረ፤ ከባቫሪያ ብቻ አይሰበሰብም፤ ከሁላችንም የመብራት ቢል ነው።

በዚያው ዘመን፣ በ2014፣ አንድ የነፋስ ማማ ከመኖሪያ ቤት በቁመቱ አሥር እጥፍ ይራቅ የሚል ደንብ አወጡ። 200 ሜትር ማማ ከሆነ 2 ኪሎ ሜትር። ባቫሪያ መንደር የሞላባት አገር ናት፤ እንዲህ ያለ ቦታ ከየት ይገኛል? የማማ ተከላው ሊቆም ምንም አልቀረውም። በ2022 ደንቡን አለዘቡት። እንግዲህ መስመሩንም አልፈለጉም፣ ማማውንም አልፈለጉም፣ በ2023 ሚያዝያ የኑክሌር ጣቢያው ሲዘጋ ደግሞ ለምን ተዘጋ ብለው ጮኹ። ሥራ ላይ ሆኜ ይህን ሳስብ ሥራዬን እጠላዋለሁ።


ሽፕሬ ማዶ (በርሊን)

የመኪና መንገድ ክፍያውንም አትርሳ! ሜርክል በ2013 የቴሌቪዥን ክርክር ላይ እኔ እያለሁ አይሆንም ብለው ነበር፤ ሴኤስኡ ግን በጥምረቱ ስምምነት ውስጥ አስገባው። በሰኔ 2019 የአውሮፓ ፍርድ ቤት የውጭ አገር ነጂዎችን ያዳላባቸዋል ብሎ ጣለው። ውሉ ቀድሞ ተፈርሞ ስለነበር መንግሥት ለኩባንያዎቹ 243 ሚሊዮን ዩሮ ካሣ ከፈለ። የባቫሪያ ምርጫ መፈክር፣ የጀርመን ሁሉ ዕዳ።


የፒያሳ ልጅ (አዲስ አበባ)

ይህን ሁሉ ሳነብ ወደ እኛው ቤት ሳልመለስ አልቻልሁም። የእኛ የፌዴሬሽን ምክር ቤት ሕግ አያወጣም፤ ሕግ የሚያወጣው የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ነው። ፌዴሬሽኑ ሕገ መንግሥት ይተረጉማል፣ የድጎማ ቀመር ይወስናል። ውክልናውም ለእያንዳንዱ ብሔር፣ ብሔረሰብና ሕዝብ አንድ፣ ከዚያ በየአንድ ሚሊዮኑ ተጨማሪ አንድ ነው። አንቀጽ በአንቀጽ ከነገሩን ቡንደስራት ጋር ሲነጻጸር ሌላ ፍጥረት ነው።

ክልላዊ ፓርቲ የሚባለውን ግን እኛም አይተነዋል። ኢሕአዴግ አራት ፓርቲዎች ነበሩ፤ ምክር ቤቱ 180 ሰው ሲሆን ለእያንዳንዱ 45፣ የክልሉ ሕዝብ ይብዛም ይነስ። በ2019 ፈረሰ። የጀርመኖቹ እንዴት ሰባ አምስት ዓመት ቆየ?


አወያይ

የፒያሳ ልጅ፣ ንጽጽሩ ጥሩ ነው፤ የሀገር ቤቱን ሰፋ ያለ ክርክር ግን በሌላ ክር ብትከፍቱት እመርጣለሁ። ባለፈው ጊዜ የሆነውን ታስታውሳላችሁ። ጥያቄው ስለ ጀርመን ስለሆነ ይመለስ።


አንቀጽ በአንቀጽ (ካስል)

እሺ። በአጭሩ፦ የእነሱ ውል በሁለት ብቻ ነው፤ ድንበሩም የታወቀ ነው። ሦስተኛ ግዛት "ለእኔም የራሴ ፓርቲ" ብሎ አልተነሣም። ከሁሉ በላይ ደግሞ ሁለቱም ምርጫ ይሸነፋሉ። ሲሸነፉ ተያይዘው ተቃዋሚ ይሆናሉ፤ ከመንግሥት ውጭ መኖርን ያውቁበታል።

ሌላው ልዩነት መገንጠል ነው። የእኛ አንቀጽ 39 ይፈቅዳል። የባቫሪያ ነዋሪ የሆነ ሰው ሪፈረንደም ይደረግ ብሎ ሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት ደርሶ ነበር፤ በታኅሣሥ 2016 ሦስት ዳኞች በጥቂት መስመር መለሱት፦ ግዛቶች የሕገ መንግሥቱ ጌቶች አይደሉም፣ ለመገንጠል ቦታ የለም። የሚገርመው፣ ባቫሪያ ይህን ሕገ መንግሥት በ1949 አልተቀበለችውም። የግዛቷ ምክር ቤት በ101 ለ63 ሥልጣን ለማዕከል በዛ ብሎ ጣለው። ነገር ግን በዚያው ሌሊት፣ ከግዛቶቹ ሁለት ሦስተኛው ካጸደቁት እኛንም ያስረናል ብሎ ወሰነ። "አይሆንም" ብሎ አብሮ መሄድ ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ የሠሩት ሁሉ የዚያች ሌሊት ቅጂ ይመስለኛል።

ለኢዛር ዳር ግን አንድ መቃወሚያ አለኝ። ይህ ፓርቲ የተቀመጠው በቀጭን ገመድ ላይ ነው። ወደ ቡንደስታግ (ሕዝብ ወደሚመርጠው ፓርላማ) ለመግባት በመላው አገር 5 በመቶ ያስፈልጋል፤ የሚቆጠረው ደግሞ ከመላው ጀርመን ድምፅ ነው። በ2021 ሴኤስኡ ያመጣው 5.2። ባቫሪያ ላይ አንደኛ ሆኖ ከፓርላማ ውጭ ሊቀር! ድሮ ሦስት የምርጫ ክልል ያሸነፈ ከ5 በመቶ በታችም ቢሆን ይገባል የሚል መውጫ ነበር፤ በ2023 ያኔ የነበረው መንግሥት ያንን ሰረዘው። ባቫሪያ ከሰሰች፤ የግራ ፓርቲውም አብሮ ከሰሰ (እነዚህ ሁለቱ በሕይወታቸው የተስማሙበት ሌላ ነገር አላውቅም)። በሐምሌ 2024 ፍርድ ቤቱ መውጫው እንዲቆይ አዘዘ።


ኢዛር ዳር (ሙኒክ)

ተቀብያለሁ፤ ቀጭን ገመድ ነው። የ2025ቱን ደግሞ እኔ ልንገራችሁ፤ ከቤቴ ደጅ የሆነ ነው። ሴኤስኡ በባቫሪያ ያሉትን 47 የምርጫ ክልሎች በሙሉ አንደኛ ወጣባቸው። ፓርላማ የገቡት ግን 44 ናቸው። በአዲሱ ሕግ መሠረት የክልሉ አሸናፊ ወንበር የሚያገኘው የፓርቲው ሁለተኛ ድምፅ (መራጩ ለሰው ሳይሆን ለፓርቲ የሚሰጠው) ከበቃው ብቻ ነው፤ ስለዚህ ሦስት ሰዎች አሸንፈው ቤታቸው ቀሩ። ጎረቤቴ ይህን ሲሰሙ አልሳቁም። ስልሳ ዓመት ሙሉ ሴኤስኡን መርጠው የማያውቁ ሰውዬ "ይህማ ነውር ነው፤ የእኛን ሰው በርሊን ከለከለችን" አሉ። "የእኛን"! ከመረጡት ሰው ይልቅ የተናደዱት እሳቸው ናቸው።

መጀመሪያ ላይ የጻፍሁትን ትንሽ ላርም መሰለኝ። ሁለቱ ቢላዋ የሚያበላው እንዲህ ያሉ ጎረቤቶች ስላሉ ነው። ፓርቲውን የማይወዱትም ሰዎች በርሊን ስትነካው ይቆጣሉ።


ሽፕሬ ማዶ (በርሊን)

ይሁን። ግን ይህን ሁሉ ኃይል ይዛችሁ ሱቃችሁ ለምን ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ ይዘጋል? እኛ በሥራ ቀን እኩለ ሌሊት ላይም እንገዛለን።


ኢዛር ዳር (ሙኒክ)

በ2006 ሥልጣኑ ለግዛቶች ሲሰጥ አብዛኞቹ ለቀቁት፤ ባቫሪያ እንደነበረው ተወችው። ትናንት በርበሬ ፍለጋ ስሮጥ 2 ሰዓት ከአንድ ደቂቃ ላይ ደረስሁ፤ ልጅቷ በመስታወቱ ውስጥ ሰዓቷን አሳይታኝ መብራቱን አጠፋች። አሁንም 15 ደቂቃ ነው የቀረኝ፤ ጋሼ ስለ ሽትራውስ የጀመሩትን ስመለስ አነባለሁ።